የኅዳር በሽታ፦ አዲስ አበባ አስታማሚና ቀባሪ ያጣችበት ወር

የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነው። በሌላው ዓለም «የስፔን ጉንፋን» እየተባለ የሚጠራው ቸነፈር አካል ሲሆን፣ የከተማዋ ሕዝብ ክፉውን ያየበትን ወር ስም ሰጥቶታል። ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይቶ በመዲናይቱ ብዙ ሺህ ሰው ገደለ፤ መታሰቢያውም ከመቶ ዓመት በኋላ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ከየደጃፉ በሚነሣው ጭስ ይታያል።

ቸነፈሩ በመጀመሪያ የተመዘገበው በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት በሚገኝ የጦር ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1918 ነው። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለነበር ተዋጊዎቹ አገሮች ወሬው የሠራዊታቸውን ልብ እንዳይሰብር ጋዜጦቻቸውን ከለከሉ። የገለልተኛዋ የስፔን ጋዜጦች ግን በግልጽ ጻፉ፤ በሽታው ከስፔን ሳይነሣ የስፔን ስም የተሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ማዕበል ቀለል ያለ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ መጨረሻ በአሜሪካ ቦስተን፣ በፈረንሳይ ብሬስትና በሴራሊዮን ፍሪታውን ወደቦች የተነሣው ሁለተኛው ማዕበል ግን ገዳይ ሆነ። በጠቅላላው ከዓለም ሕዝብ ሲሶው ያህል እንደተያዘና ቢያንስ 50 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገመታል።

ወደ ኢትዮጵያ የገባበት በር ጅቡቲ እንደሆነ ይታመናል። የጅቡቲው ምድር ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917፣ ከወረርሽኙ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነበር። ባቡሩ ከመሠራቱ በፊት ከባሕር ጠረፍ ወደ ሸዋ በግመልና በበቅሎ የሚደረገው ጉዞ ሳምንታት ይፈጅ ስለነበር ወደብ ላይ በጉንፋን የተያዘ ነጋዴ ወይ መንገድ ላይ ይሞታል፣ ወይ ድኖ ይደርሳል። ባቡሩ ጉዞውን ወደ ጥቂት ቀናት አሳጠረው። የኢንፍሉዌንዛ ሕመምም ሰው ከተያዘ በኋላ ከአንድ እስከ አራት ቀን ሳይታወቅ ይቆያል። ስለዚህ ጤነኛ መስሎ ከጅቡቲ የተሳፈረ መንገደኛ አዲስ አበባ ወርዶ፣ ዘመዶቹን ስሞና ገበያ ገብቶ ሊተኛ ይችል ነበር።

የተቀበለችው ከተማ ለእንዲህ ያለ በሽታ የተመቸች ነበረች። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ገና ከ30 ዓመት ብዙም አላለፈም፤ የነዋሪዋ ቁጥር ግን በዘመኑ ግምት ከ60 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። አሰፋፈሯ የጦር ሰፈርን መልክ የያዘ ነበር። በየመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ የወታደሩ፣ የአሽከሩና የባለሙያው ጎጆ ተጠጋግቶ ይቀለሳል። መስኮት በሌለው አንድ ጎጆ ውስጥ ባልና ሚስት፣ ልጆች፣ እንግዳና አገልጋይ ምድጃውን ከበው ያድራሉ። ውሃ የሚቀዳው እንደ ቀበናና ግንፍሌ ካሉ ወንዞች ነው። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያም የሁሉንም ሰፈር ሰው በየጊዜው አንድ ላይ ያገናኛል። በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ ከዚህ የተሻለ መንገድ አይገኝም።

ጦርነቱን ያስቆመው ስምምነት በአውሮፓ የተፈረመው ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው። ዓለም በሰላሙ ሲደሰት በአዲስ አበባ ሞቱ ይበረታ ጀመር። ሕመሙ በራስ ምታት፣ በብርድ ብርድ ማለትና በኃይለኛ ትኩሳት ይጀምርና ወደ ሳል፣ ወደ ነስርና ወደ ትንፋሽ ማጠር ይሸጋገራል። የሳንባ ምች የተከተለው ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ተራ ጉንፋን በአብዛኛው ሕፃናትንና አረጋውያንን ይጎዳል፤ ይህኛው ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት የሚሆናቸውን ጉልበተኞች በብዛት ጨረሰ። ይህ በመላው ዓለም የታየ ጠባዩ ነበር።

ለአዲስ አበባ ትልቁ መከራ የመጣው ከዚሁ ነው። በደህናው ጊዜ አንድ ሰው ሲታመም ሚስት ታስታምማለች፣ ጎረቤት አጥሚት ይዞ ይመጣል፣ ወጣቱ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል። በኅዳር ግን አስታማሚውና ታማሚው በአንድ ቀን ወደቁ። በአንድ ቤት ያሉት ሁሉ ሲተኙ እሳት የሚያነድ፣ ጥሬ የሚቆላ፣ ውሃ የሚያቀብል ጠፋ። ጎረቤት እንዳይጠይቅ እርሱም ተኝቷል። በትኩሳት ለሚነድ ሰው ውሃና ትኩስ እህል ከመድኃኒት የማይተናነሱ ስለሆኑ፣ በሽታው ያልበረታባቸውና ሊድኑ የሚችሉ ብዙዎች በጥማትና በረኃብ እንደሞቱ መገመት አያዳግትም።

ቀጥሎ የጠፋው ቀባሪ ነው። የክርስቲያኑ ቀብር ግንዘትና ፍትሐት፣ ሬሳ የሚሸከም ጎልማሳና ጉድጓድ የሚቆፍር ጉልበት ይጠይቃል። ካህናቱም ቆፋሪዎቹም ታመሙ። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ብዙ ሬሳ በአንድ ጉድጓድ ተቀበረ። ሳይቀበር የቀረውን ወይም ከላይ ብቻ አፈር የለበሰውን ጅብ እያወጣ እንደበላው በዘመኑ የነበሩ ሰዎች በትዝታቸው አቆይተዋል። ለቅሶ ደርሶ አልቅሶ መመለስ ለለመደ ሕዝብ ዘመዱን ያለ ሙሾና ያለ ሠልስት መሸኘት ከሞቱ የማይተናነስ ሐዘን ነበር። የለቅሶው መሰብሰብ ራሱ በሽታውን ማዛመቱን ግን ያን ጊዜ የሚነግረው አልነበረም።

ሕክምናውም አቅም አልነበረውም። ከተማዋ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልና በጣት የሚቆጠሩ፣ በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች የሆኑ ሐኪሞች ብቻ ነበሯት፤ ከእነርሱም የታመሙና የሞቱ ነበሩ። ሐኪም በሞላባቸው የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞችም ቢሆን መድኃኒት አልተገኘም። የዘመኑ ሊቃውንት የበሽታውን መንሥኤ ባክቴሪያ ይመስላቸው ነበር፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። የሳንባ ምችን ለመፈወስ የረዳው ፔኒሲሊንም የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው።

በሽታው ጎጆና ግቢ አልለየም። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን በጽኑ ታመው ከሞት ተርፈዋል። ኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነው በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ይህንኑ አውስተው፣ በአዲስ አበባ ከ10 ሺህ በላይ ሰው መሞቱን ገልጸዋል። ሌሎች የዘመኑ ግምቶችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። የነዋሪው ቁጥርና የሟቹ ቁጥር ግምቶች ከተያያዙ፣ ከከተማዋ ነዋሪ ከስድስት ወይም ከሰባት ሰው አንዱ አለቀ ማለት ነው። ከሞት ለማምለጥ ወደ ገጠር የሸሸውም በሽታውን ይዞ ሄደ፤ ይህም የሆነው በአጨዳ ወቅት፣ በየመንደሩ የደረሰ እህል የሚሰበስብ ሰው በሚያስፈልግበት ጊዜ ነበር።

ሕዝቡ በእጁ ባለው ታገለ። ባሕር ዛፍ ቀቅሎ ታጠነ፤ ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ተጠቀመ፤ ጸለየ። የክፉው አየር ማባረሪያ ነው ብሎም ቤቱንና ደጁን በጭስ አጠነ። «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ በብዙዎች ዘንድ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ቀኑ፣ ኅዳር 12፣ የቅዱስ ሚካኤል በዓል በመሆኑም መታሰቢያው ከምስጋና ጋር ተዋሕዷል። በዕለቱ ግቢ ይጠረጋል፣ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፣ ከተማው በጭስ ይሸፈናል።

ጭስ ቫይረስን አይገድልም። ምን ይረዳ እንደነበር በዚያው ዓመት ከደረሱ ሌሎች ታሪኮች መረዳት ይቻላል። የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 1918 ወደ 200 ሺህ ሕዝብ የተገኘበት የአደባባይ ሰልፍ አድርጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሆስፒታሎቿ ሞሉ። ሌላዋ የአሜሪካ ከተማ ሴንት ሉዊስ ግን ትምህርት ቤቶችን፣ ቲያትር ቤቶችንና አብያተ ክርስቲያናትን ቀድማ በመዝጋቷ የሞተባት ሰው እጅግ ያነሰ ነበር። በፓስፊክ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ሳሞአ አንዲት በሽተኞች የጫነች መርከብ በማስገባቷ ከሕዝቧ አንድ አምስተኛውን ያህል አጣች፤ ጎረቤቷ የአሜሪካ ሳሞአ ወደቧን ዘግታ አንድም ሰው አልሞተባትም። ልዩነቱን ያመጣው ሰውን ከሰው በጊዜ መለየት ነበር።

አዲስ አበባ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ሲነገር፣ የኅዳርን በሽታ ደግማ አስታወሰች። ከተማዋ አሁን ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ይዛለች፤ ታክሲው፣ ገበያውና ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም ሰው ከሰው የሚተሻሽበት ነው። የ1911 ዓ.ም. ታሪክ ለእንዲህ ያለች ከተማ የሚተወው ትምህርት ግልጽ ነው። ወረርሽኝ ሲነሣ መሰብሰብን መቀነስ፣ በየቤቱ ለሚተኛው ሰው ውሃና ምግብ የሚያደርስ፣ የሞተውንም በክብር የሚቀብር ሰው አስቀድሞ ማዘጋጀት ይገባል። ኅዳር 12 ደጁን የሚጠርግ ሁሉ ይህንንም አብሮ ያስብ።