ስህተት

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የሒሳብ ተማሪ ኑሜሪካል አናሊሲስ ሲጀምር ቶሎ የሚገጥመው ቃል «ስህተት» ነው። በዚህ ትምህርት ቃሉ ጥፋትን አይመለከትም፤ በትክክለኛው ዋጋና በተገመተው መካከል ያለው ልዩነት ስህተት ይባላል።

ለምሳሌ የጣና ሐይቅ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ይህን ያህል ስፋት ያለው እኩል ጎን አራት ማዕዘን፣ ጎኑ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? የ3,000 ስኩዌር ሩት በአስርዮሽ ቢጻፍ አያልቅምና መገመት ግድ ነው። በ50 ይጀመር። 3,000 ለ50 ሲካፈል 60 ይሆናል፤ የ50 እና የ60 አማካይ 55 ነው። ወደ 4.8 ኪሎ ሜትር የነበረው ስህተት በአንድ እርምጃ ወደ 228 ሜትር ወረደ። ያው ስሌት በ55 ሲደገም 54.7727 ገደማ ይመጣል፤ የቀረው ስህተት ግማሽ ሜትር አይሞላም! ዘዴውን የእስክንድርያው ሄሮን ከ1,900 ዓመታት በፊት ጽፎታል።

ሌላው ስህተት ከማጠጋጋት ይመጣል። ኮምፒዩተር ቁጥርን በሁለትዮሽ፣ በተወሰነ አሃዝ ስለሚይዝ፣ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ 0.1 እና 0.2 ደምር ሲባል 0.30000000000000004 ይላል። ፕሮግራሙ አልተበላሸም። ተማሪው መልሱን ሲያስረክብ ስህተቱ ከስንት እንደማይበልጥ አብሮ መጻፍ አለበት፤ የትምህርቱ ትልቁ ቁም ነገርም ይኸው ነው።