መራራ ጅማሬ፤ ስለ አንድ የአፍሪካንስ የጦርነት ተውኔት

በደቡብ አፍሪካ ታሪክ ሜይ 31 ቀን ብዙ ሸክም የተጫነበት ዕለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1902 በዚሁ ዕለት ሌሊት የትራንስቫልና የኦሬንጅ ነጻ ግዛት የቦኤር መሪዎች ፕሪቶሪያ ላይ ከእንግሊዞች ጋር ውል ፈርመው ነጻነታቸውን አስረከቡ። በ1910 በዚሁ ዕለት አራቱ ግዛቶች ተጠቃለው የደቡብ አፍሪካ ኅብረት ተባሉ። በ1961 የነጮቹ መንግሥት ከእንግሊዝ ዘውድ ተላቅቆ ሪፐብሊክ መሆኑን ሲያውጅ ሌላ ቀን አልፈለገም፤ ያንኑ የሽንፈት ዕለት የድል በዓል አደረገው። የሪፐብሊኩ አምስተኛ ዓመት በ1966 ሲከበርም ለበዓሉ የሚሆን ተውኔት እንዲጻፍ ታዘዘ። ደራሲው ግን የ1961ን ድል ትቶ የ1902ን ሽንፈት ጽፎ አመጣ።

ይህ ደራሲ ኤን. ፒ. ፋን ቬይክ ሎው ይባላል። በ1906 በኬፕ ክፍለ ሀገር ሰዘርላንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በአፍሪካንስ ቋንቋ ከተቀኙት ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ለመምህራን የሚቀርበው የሕይወቱ ክፍል ግን በቅኔው ዝና ተሸፍኖ ቀርቷል፤ ይኸውም ሎው ሃያ ዓመት ያህል በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲ፥ ነገ መምህራን የሚሆኑትን ወጣቶች ሲያስተምር የኖረ ሰው መሆኑ ነው። ከዚያም ወደ አምስተርዳም ሄዶ አስተማረ፤ በ1958 ተመልሶ በጆሃንስበርግ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ።

ወገኑን የሚጠላ ሰው አልነበረም። የቦኤሮቹ ታላቅ ጉዞ መቶኛ ዓመት በ1938 ሲከበር የበዓሉን ተውኔት የጻፈው እርሱ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ያሳተመው መጽሐፍ ደግሞ «ታማኝ ተቃውሞ» የሚል ስም ነበረው። የሐሳቡም ፍሬ ይህ ነው፤ ወገኑን የሚነቅፍ ሰው ከውጭ ሆኖ ድንጋይ አይወርውር፥ ከመካከሉ ቆሞ የወገኑን ጥፋት እንደ ራሱ ጥፋት ቆጥሮ ይናገር። እንዲህ ያለውን ሰው ለበዓል ተውኔት ያዘዙ ባለሥልጣኖች የ1938ቱን ሥራውን አስታውሰው የ1939ኙን መጽሐፉን ረስተውት ኖሯል ለማለት ያስደፍራል።

ተውኔቱ የቆመበትን ጦርነት ለማስታወስ ያህል፥ ውጊያው በኦክቶበር 1899 ተጀመረ። በ1900 አጋማሽ የሁለቱም የቦኤር መንግሥታት ዋና ከተሞች በእንግሊዝ እጅ ወድቀው ነበር። ቦኤሮቹ ግን በፈረስ እየተበተኑ በደፈጣ መዋጋትን ቀጠሉ፤ እንግሊዞችም የእርሻ ቤቶቹን እያቃጠሉ ሴቶቹንና ሕፃናቱን በሰፈር አጎሩ። በእነዚህ የእስር ሰፈሮች 28,000 ያህል ቦኤሮች በበሽታና በረኃብ አለቁ፤ የሚበዙትም ሕፃናት ነበሩ።

በዚህ መከራ መካከል ቤት ለሁለት ተከፈለ። ከሁሉም የሚያሳዝነው የደ ቬት ቤት ነው። ታላቁ ወንድም ክርስቲያን ደ ቬት የነጻ ግዛቱ ጦር አዛዥ፥ እንግሊዞች እያሳደዱ ሊይዙት ያልቻሉ የደፈጣ ጀግና ነበር። ታናሹ ፒት ደ ቬትም ጄኔራል ነበረ፤ በጦርነቱ መጀመሪያ ላይ በጀግንነት ተዋግቷል። በጁላይ 1900 ግን ፒት ነገሩ አበቃለት ብሎ እጁን ሰጠ። በ1901 መጀመሪያ ለወንድሙ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ሕዝቡን ከምታስጨርስ ተወው ሲል ለመነው። ክርስቲያን ግን አልሰማውም፤ ፒትም በጦርነቱ ማለቂያ ላይ ከእንግሊዞች ጋር ለተሰለፉ ቦኤሮች አዛዥ ሆነ። የአማርኛ አንባቢ ለእንደዚህ ያለው ሰው ስም ፍለጋ አይቸገርም፤ ባንዳ የሚለውን ቃል ያውቃልና። ቦኤሮቹ ደግሞ እጁን የሰጠውንና ለጠላት የተሰለፈውን ለይተው በሁለት የስድብ ስሞች ይጠሯቸው ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ እስከ መጨረሻው የታገሉት 20,000 ያህል ሲሆኑ፥ ከእንግሊዝ ጋር የተሰለፉት ቦኤሮች ከ5,000 ይበልጡ ነበር። ጥቂት ከሃዲዎች ብቻ ነበሩ የሚለው የበዓል ንግግር ይህን ቍጥር አይችለውም።

በአፍሪካንስ መድረክ ይህ ጦርነት የሚገባው ብዙውን ጊዜ በቤት በር ነው። ባርቶ ስሚት በ1959 ያሳተመው «እናት ሃና» የተባለው ተውኔት ጦርነቱን በአንዲት እናትና በቤተ ሰቧ በኩል ያሳየ ነበር። የሎው ሥራ ከዚህ ይሰፋል፤ የሚመረምረው ሕዝቡን ራሱን እንደ አንድ የተከፈለ ቤተ ሰብ አድርጎ ነው። ስሙ «ዲ ፕለይምሳት ቫይ ፌር» ይባላል፤ ላባ መሳዩ ዘር በነፋስ ሩቅ ይሄዳል ማለት ነው። ሁለተኛም ስም አለው፤ «መራራ ጅማሬ» ይላል። እስከ መጨረሻው የተዋጉት ቦኤሮች በታሪክ የሚጠሩት «የመራራው ፍጻሜ ሰዎች» እየተባሉ ነውና፥ ደራሲው የወገኑን የክብር ስም ገልብጦ ፍጻሜውን ጅማሬ አደረገው።

የተውኔቱ ዋና ሰው የነጻ ግዛቱ ፕሬዚዳንት ማርቲኑስ ስቴይን ነው። የስቴይን ሕይወት ለመድረክ የሚሆን ነበር። ለዕርቅ ንግግሩ የመጣው በጽኑ በሽታ ተይዞ ነው፤ ውሉ ከመፈረሙ ሁለት ቀን አስቀድሞ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ አልፈረመምም። ስድሳዎቹ የቦኤር እንደራሴዎች ድምፅ ሲሰጡ 54 ውሉን ተቀበሉ፥ 6 እምቢ አሉ። ስለ ነጻ ግዛቱ ከፈረሙት አንዱ ያ የማይበገር ክርስቲያን ደ ቬት ነበር። ሎው ይህን ሁሉ ያቀረበው መጋረጃው እንደ ተከፈተ ሕዝብ ምንድር ነው የሚለውን ጥያቄ በአንዲት አሮጊት አፍ አስጠይቆ ነው። ፈሪውና ተጠራጣሪው፥ እጁንም የሰጠው ከጀግናው ጋር ባንድ መድረክ ታዩ።

ተውኔቱን ለሕዝብ ያሳየው የትራንስቫል የትዕይንት ጥበባት ምክር ቤት ነው፤ ይህም በ1963 በመንግሥት ገንዘብ የተቋቋመ ድርጅት ነበር። ወዲያው ነገር ተነሣ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሄንድሪክ ፌርቩርት ሜይ 31 ቀን 1966 በፕሪቶሪያ በበዓሉ ላይ ንግግር ሲያደርግ፥ የተውኔቱንና የደራሲውን ስም ሳይጠራ፥ የሕዝቡን ሥራ በማወደስ ፈንታ ሕዝብ ምንድር ነው እያሉ የሚጠይቁትን ጸሐፊዎች ነቀፈ። ስም ባይጠራም የሰማው ሁሉ ማንን እንዳለ አወቀ፤ ነገሩም በጋዜጦች ክርክር ሆነ። ሎው እጅግ አዘነ። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር፤ ዕድሜውንም ሁሉ ለዚያ ቋንቋና ለዚያ ሕዝብ ሲያገለግል የኖረ ሰው ነበር።

እዚህ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቴአትር የማይገባው ሰው ነበር ብሎ ማለፍ ስሕተት ይሆናል። ጥያቄው ምን እንደሚያስከትል ከብዙዎቹ ደጋፊዎቹ ይልቅ በሚገባ ተረድቶት ነበር ቢባል ይሻላል። የፌርቩርት መንግሥት የቆመው ሕዝብ ማለት በትውልድና በቀለም የታወቀ፥ ጥያቄም የማያስፈልገው ነገር ነው በሚል እምነት ላይ ነው። ሕዝብነት በፈቃድና በምግባር የሚገኝ፥ በክህደትም የሚጠፋ ከሆነ ግን፥ ማን ሕዝብ ነው፥ ማንስ አይደለም የሚለውን በቀለም መወሰን ያስቸግራል።

ሎው ራሱ ጥያቄውን እስከዚህ ድረስ አልነዳውም። ብሔርተኛ ነበር፤ የሚጠይቀውም ስለ ነጭ አፍሪካነሮች ነበር። ሰሚዎቹም እንደዚሁ ነበሩ፤ በ1965 የወጣ ድንጋጌ ልዩ ልዩ ዘር ያላቸው ተመልካቾች ያለ ፈቃድ ባንድ የቴአትር አዳራሽ እንዳይቀመጡ ከልክሎ ነበርና። የስቴይን ታሪክ ግን ለብቻው ይናገራል። ጁላይ 11 ቀን 1901 ንጋት ላይ እንግሊዞች በሬትስ ከተማ የነጻ ግዛቱን መንግሥት ባለሥልጣኖች ከነእንቅልፋቸው ሲይዟቸው፥ ፕሬዚዳንቱ በሌሊት ልብሱ በፈረስ ያመለጠው ሩይተር የሚባል ነጭ ያልሆነ ወጥ ቤቱ ስላነቃው ነው። ለጥቁሮች በተለዩት ሰፈሮችም ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች መሞታቸው ተመዝግቧል፤ ብዙ ያልተመዘገቡም እንዳሉ የታሪክ ሊቃውንት ይናገራሉ። እነዚህ ሁሉ የጦርነቱ ሰዎች ሆነው ሳሉ በበዓሉ ከሚወደሰው ሕዝብ አልተቈጠሩም።

ፌርቩርት በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 6 ቀን በፓርላማው ውስጥ በጩቤ ተገደለ። ሎው በ1970 ሞተ፤ ተውኔቱም መጽሐፍ ሆኖ የታተመው በ1972 ነው። ባለታሪኩ አልበርት ግሩንድሊንግ እጃቸውን ስለ ሰጡትና ለእንግሊዝ ስለ ተሰለፉት ቦኤሮች የደከመበትን ሰፊ ጥናት በ1979 ሲያወጣ፥ በመድረክ ያስቈጣው ነገር በመጽሐፍ ማስረጃ ሆኖ ተገኘ። በ1996 ደግሞ ዴዮን ኦፐርማን «ጨለማ ምድር» በተባለው ተውኔቱ የአንድ አፍሪካነር ቤተ ሰብን ታሪክ በብዙ ትውልድ ተከትሎ አሳየ። በዚያን ጊዜ ሜይ 31 ቀን የሕዝብ በዓል መሆኑ ቀርቶ ነበር።

ስቴይን በ1916፥ ክርስቲያን ደ ቬት በ1922 ሞቱ። ሁለቱም በሰፈሮቹ ለሞቱት ሴቶችና ሕፃናት መታሰቢያ በብሉምፎንቴይን በቆመው ሐውልት ግርጌ ጎን ለጎን ተቀብረዋል። የፒት ደ ቬት መቃብር ግን እዚያ የለም።