ሜዳው ይርዘም ወይስ ኳሷ ትገራ?

ስለ ጎልፍ ልጽፍ ነው ስላቸው ጓደኞቼ ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው፤ ዱላውን ጨብጬ አላውቅም፣ ጨዋታውን የማውቀው በቴሌቪዥን ነው። ግን ስኮትላንድ ውስጥ ስላለ አንድ ያረጀ ሜዳ የሚደረገው ክርክር ቀልቤን ከወሰደው ቆየ። ሜዳው ለዛሬዎቹ ጉልበተኞች አጠረ ይላሉ። ታዲያ ይርዘም ወይስ ይተውት? (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ።)

ሜዳው የሴንት አንድሩሱ ኦልድ ኮርስ ነው። እንዲህ ያለውን የባሕር ዳር ሜዳ ‹‹ሊንክስ›› ይሉታል፤ በባሕሩና በእርሻው መካከል የተዘረጋ፣ ለማረስ የማይመች፣ ጉብታና ስርጉድ የበዛበት አሸዋማ የሣር መሬት። ዛፍ የለውም ማለት ይቻላል። መከላከያው ነፋስ ነው። የከተማው ሕዝብ እዚያ የመጫወት መብቱ በ1552 በሰነድ ሰፍሮለታል።

‹‹ቅርስ ነው፣ አይነካ›› የሚሉት ወገኖች ልቤን ቢነኩትም ታሪኩ አይደግፋቸውም። እስከ 1764 ድረስ እዚያ አንድ ዙር ማለት 22 ጉድጓድ ነበር። በዚያ ዓመት ተጫዋቾቹ የመጀመሪያዎቹን አራት ጉድጓዶች በጣም አጫጭር ናቸው ብለው ወደ ሁለት አጠፏቸው። በሄዱበት መስመር ተጫውተው ስለሚመለሱ 22ቱ 18 ሆነ። ዛሬ የዓለም ጎልፈኛ ሁሉ 18 ጉድጓድ የሚጫወተው ይህን ተከትሎ ነው። ስለዚህ ሜዳው ሁልጊዜም ሲነካካ የኖረ ሜዳ ነው።

የነገሩ ሁሉ ጠንቅ ኳሷ ናት። ድሮ ኳስ የሚሠራው በቆዳ ውስጥ ላባ ጠቅጥቆ በመስፋት ነበር። በ1848 ገደማ ከዛፍ ሙጫ የምትሠራ ርካሽ ኳስ መጣች። የሴንት አንድሩሱ ዝነኛ ተጫዋች አለን ሮበርትሰን እንጀራው የላባ ኳስ ነበርና የሙጫዋን ስም መስማት አይፈልግም። ረዳቱ ቶም ሞሪስ በአዲሷ ሲጫወት ተገኘና ተቀያየሙ። ቶም በ1851 ወደ ምዕራቡ ዳርቻ፣ ወደ ፕሬስትዊክ ሄዶ 12 ጉድጓድ ያለው ሜዳ ዘረጋ። የመጀመሪያው ኦፕን ውድድር በ1860 የተካሄደው እዚያ ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ ስምንት ብቻ ነበሩ። በዚያ ዘመን ዱላ፣ የመጀመሪያው ጉድጓድ ብቻ 578 ያርድ ይርቅ ነበር! (ያርድ ከሜትር ትንሽ ታንሳለች።)

ፕሬስትዊክ ኦፕንን 24 ጊዜ አስተናግዷል። በ1925 ማክዶናልድ ስሚዝ አምስት ምት እየመራ የመጨረሻውን ዙር ጀመረ፤ ተመልካቹ ከየአቅጣጫው ሲያጨናንቀው 82 መትቶ ዋንጫውን አጣ። ሜዳው ያን ሁሉ ሰው መያዝ አልቻለምና ውድድሩ ተመልሶ አልመጣም። ግን ሜዳው ሞተ? አልሞተም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይጫወቱበታል።

ወደ ሴንት አንድሩስ ልመለስ። በ2000 ታይገር ዉድስ ከፓር 19 በታች ገብቶ ሲያሸንፍ ሜዳው 7,115 ያርድ ነበር። ለ2005 አምስት መምቻ ቦታዎችን ወደ ኋላ ገፍተው 7,279 አደረሱት። ለ2010 ደግሞ ታዋቂውን 17ኛ ጉድጓድ ከ455 ወደ 495 ያርድ አረዘሙት፤ አዲሱ መምቻ ከድሮው የባቡር መስመር ማዶ፣ ከሜዳው ክልል ውጪ ነው። በ2022 ሜዳው 7,313 ያርድ ሆኖ ካሜሮን ስሚዝ ስንት ገባ? ከፓር 20 በታች። ሃያ ሁለት ዓመት፣ 198 ያርድ ጭማሪ፣ ውጤቱ ግን በአንድ ምት ተሻሻለ። እኔ ሒሳብ ላይ ጎበዝ አይደለሁም፣ ይህ ግን ማስያ አይፈልግም።

የአርዛሚዎቹም ክርክር ባዶ አይደለም። የድሮ የአሸዋ ጉድጓዶች የተቀመጡት ኳስ ያርፍበት በነበረው ርቀት ነው። ዛሬ ኳሷ በላያቸው በርራ ታልፋለች፤ መምቻውን ወደ ኋላ መሳብ ሥራቸውን ይመልስላቸዋል። ደግሞ በአንድ ምት እስከ ባንዲራው የሚደርሱ ሰዎች ፊት ያሉት እስኪለቁላቸው ቆመው ይጠብቃሉ። በ2022 የመጀመሪያ ቀን የዉድስ ቡድን ዙሩን ለመጨረስ ስድስት ሰዓት ገደማ ፈጅቶበታል።

እሺ፣ ወደምናውቀው ስፖርት እንምጣ። በ2023 ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ስለ ጫማዋ ያልተወራ ነገር የለም። ታዲያ ‹‹ማራቶን ወደ 44 ኪሎ ሜትር ይርዘም›› ያለ ሰማችሁ? የአትሌቲክሱ አካል ቀደም ብሎ፣ በ2020፣ የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይወፍር ወሰነ እንጂ መንገዱን አልነካም።

የጎልፍ ሕግ አውጪዎችም በታኅሣሥ 2023 ወደዚሁ መጥተዋል። የኳስ መፈተኛውን መስፈርት አጠበቁ፤ ሲተገበር ረጅም መቺዎች 15 ያርድ ያህል ያጣሉ ተብሎ ይገመታል። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ በ2025 ሌላ ዜና መጣ፦ ለ2027ቱ ኦፕን ኦልድ ኮርስ 132 ያርድ ተጨምሮበት 7,445 ይሆናል። ኳሷን ሊያሳጥሩ ከወሰኑ በኋላ ሜዳውን ያረዝሙታል! በዓመታት አንዴ ለሚመጣ የአራት ቀን ውድድር ነው ይህ ሁሉ፤ ተራው ተጫዋች ከእነዚያ የኋላ መምቻዎች አይመታም።

ትልቅ ውድድር ከሌለ በቀር ኦልድ ኮርስ እሁድ እሁድ ለጎልፍ ዝግ ነው። የከተማው ሰው ልጁንና ውሻውን ይዞ፣ የ18ኛውን ጉድጓድ ሣር እየረገጠ ወደ ባሕሩ ይሻገራል።