የደቡብ ሕንድ አብያተ ክርስቲያናት አንድነት



የተለያዩ ማኅበሮች ተዋሕደው አንድ ይሁኑ ብሎ መናገር ቀላል ነው። ነገር ግን «የማን ሥልጣን ይጽና፤ የማንስ ማዕርግ ይቅር?» የሚለው ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ጉባኤው ሁሉ ዝም ይላል። ዛሬ የምናወጋችሁ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሃያ ስምንት ዓመት ስለ ደከሙ የሕንድ ክርስቲያኖች ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የፕሮቴስታንት መልእክተኞች መጀመሪያ ወደ ሕንድ የደረሱት በ1706 በደቡብ ባሕር ዳር በምትገኘው በትራንኬባር ከተማ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንግሊዞች፣ ስኮትላንዶችና አሜሪካውያን ተከታትለው መጡ፤ እያንዳንዱም ያገሩን ቤተ ክርስቲያን ስምና ሥርዓት ይዞ መጣ። ስለዚህ በኤውሮፓ የተነሣው የጥንት ክርክር፣ ክርክሩን ከቶ ላልሰማው ለታሚልና ለቴሉጉ ገበሬ ውርስ ሆነ። በአንድ ቋንቋ የሚጸልዩ ጎረቤታሞች ብዙ ጊዜ በአንድነት ለመቍረብ አልቻሉም።

በ1919 በዚያችው በትራንኬባር 33 አገልጋዮች ተሰበሰቡ፤ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ሕንዳውያን ነበሩ። ከመሪዎቹም አንዱ በ1912 ከሕንዳውያን መካከል የመጀመሪያው የአንግሊካን ጳጳስ ሆነው የተሾሙት ቬዳናያገም ሳሙኤል አዛርያ ነበሩ። ጉባኤተኞቹ መለያየቱ ከውጭ የመጣባቸው እንጂ እነርሱ የፈጠሩት አለመሆኑን ገልጸው፣ ለአንድነት እንዲሠራ ጥሪ አቀረቡ።

ታዲያ ነገሩ ስለ ምን ይህን ያህል ዘገየ? ችግሩ ያለው በክህነት ላይ ነበር። አንግሊካኖች ክህነት በጳጳስ አንብሮተ እድ ብቻ እንዲሰጥ ይሻሉ። በ1908 የፕሬስቢቴሪያንና የኮንግሪጌሽናል ማኅበሮች ተዋሕደው የመሠረቱት የደቡብ ሕንድ ኅብረት ቤተ ክርስቲያንና ሜቶዲስቶች ግን አገልጋዮቻቸውን ያለ ጳጳስ ይሾሙ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሲያጠምቅና ሲያቈርብ የኖረን ሽማግሌ «እንደ ገና ክህነት ተቀበል» ማለት፣ ያለፈው አገልግሎትህ ከንቱ ነበር እንደ ማለት ነው። በሌላው በኩል ደግሞ የጳጳስን ሥልጣን መተው ለአንግሊካኑ ከሐዋርያት የመጣውን ሰንሰለት እንደ መበጠስ ነው። ሁለቱም ወገኖች ስለ ኅሊናቸው እንጂ ስለ ወንበር ብቻ አልተከራከሩም።

መፍትሔው እንዲህ ሆነ። በሥራ ላይ ያሉት አገልጋዮች ሁሉ ክህነት ሳይደገምባቸው ተቀባይነት አገኙ፤ ከዚያ ወዲህ የሚሾሙት ግን በጳጳሳት እጅ እንዲሾሙ ተወሰነ። ኅሊናው የማይፈቅድለት ምእመን የማይሻው አገልጋይ በግድ እንዳይጫንበት ቃል ተገባ። የቀረው ነገር ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንዲመረመር ተተወ። ሊፈቱት ያልቻሉትን በሽንገላ ቃል አልሸፈኑትም፤ በግልጽ ጽፈው ለጊዜ አደራ ሰጡት እንጂ።

አዛርያ ይህን ፍሬ ሳያዩ በጥር 1 ቀን 1945 ዐረፉ። አንድነቱ የታወጀው በመስከረም 27 ቀን 1947 በማድራስ ከተማ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ነው። ይህ ቀን በእኛ አቈጣጠር መስከረም 16 ቀን 1940 ዓ.ም. የደመራ ዕለት ነበር። ሕንድ ነጻ ከወጣች ገና ስድስት ሳምንት ነበር፤ በሰሜን በኩል አገሪቱ ለሁለት ስትከፈል በፑንጃብ ደም ይፈስ ነበር። በዚያው ወራት በደቡብ የተለያዩት አንድ ሆኑ፤ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ምእመናንም በ14 አህጉረ ስብከት ተደራጁ።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። በናንድያል የነበሩ ብዙ አንግሊካኖች ከአንድነቱ ውጭ ቀሩ። በ1948 በለንደን የተሰበሰቡት የአንግሊካን ጳጳሳትም ሙሉ ኅብረት ከመስጠት ተቈጠቡ፤ ወንድሞቻቸውን ለማቀፍ ሲሉ የገዛ እናታቸው ፊት የነሣቻቸው ብዙዎች ነበሩ። ሆኖም ጊዜ ነገሩን አለዘበው፤ የደቡብ ሕንድ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የአንግሊካን ኅብረት አባል ናት። በ1970ም በናግፑር የሰሜን ሕንድ ቤተ ክርስቲያን በተመሳሳይ አንድነት ተመሠረተች።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድሩ ግን ሲያብር ድርነቱን አይክድም። በየመሥሪያ ቤቱ ሁለት ክፍሎች አንድ ይሁኑ ተብሎ ሲታዘዝ፣ የሰውን የቀድሞ ድካም ከንቱ ሳያደርጉ አዲሱን ሥርዓት ማቆም እንደሚቻል ይህ ታሪክ ያስተምረናልና፣ አንባቢ ሆይ፣ አስተውለው።