ቀድሞ የደረሰው ዋይማክስና በኋላ መጥቶ የወረሰው ኤል ቲ ኢ

በአራተኛው ትውልድ የተንቀሳቃሽ ስልክ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ ይኸውም ቀድሞ ለሥራ የበቃው ሥርዓት መሸነፉ ነው። የዋይማክስ የተንቀሳቃሽ አገልግሎት ደንብ እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ጸድቆ፣ በ2006 በደቡብ ኮሪያ ዋይብሮ በሚል ስም ሥራ ጀመረ። በአሜሪካም ስፕሪንት የተባለው ኩባንያ በ2008 በባልቲሞር ከተማ ዘረጋው። ተፎካካሪው ኤል ቲ ኢ ግን በስቶክሆልምና በኦስሎ ለሕዝብ የቀረበው በዲሴምበር 2009 ነበር።

የሁለቱን አሠራር ጎን ለጎን የመረመረ ባለሙያ ልዩነቱን ጠባብ ሆኖ ያገኘዋል። ሁለቱም ሰፊውን የሞገድ መስመር በብዙ ቀጫጭን መስመሮች ከፋፍለው መረጃውን በአንድ ጊዜ ያጓጉዛሉ፤ ሁለቱም በብዙ አንቴና ይጠቀማሉ። ቁም ነገር ያለው ልዩነት ከስልኩ ወደ ጣቢያው በሚሄደው መንገድ ላይ ነው። ዋይማክስ በዚህም በኩል ያንኑ ዘዴ ስለሚከተል የሚላከው ኃይል በድንገት ከፍና ዝቅ ይላል፤ ይህን የሚሸከም ማጉያም ባትሪ ይበላል። የኤል ቲ ኢ ነዳፊዎች ለዚህ አቅጣጫ ኃይሉ ይበልጥ የረጋ ሌላ ዘዴ መረጡ። በኪስ ለሚያዝ ስልክ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም ፍርዱን የሰጠው ባትሪው አይመስለኝም። ኤል ቲ ኢ የተወለደው ከጂ ኤስ ኤም ወራሾች ቤት ነው፤ ነባሮቹ የስልክ ኩባንያዎች ደንበኛውን ከአሮጌው መረብ ወደ አዲሱ ሳያቋርጡ የሚያሻግሩበት መንገድ አብሮ ተነድፎለታል። ዋይማክስ ግን ከኮምፒዩተር ወገን የመጣ እንግዳ ነበር። ገዢ የበዛለት መሣሪያ ደግሞ ዋጋው ይረክሳል፤ ዋጋው የረከሰም ሌላ ገዢ ይስባል። የሩሲያው ዮታ፣ ዋይማክስን ዘርግቶ ሳለ፣ በ2010 ወደ ኤል ቲ ኢ እንደሚዞር አስታወቀ፤ ስፕሪንትም በ2012 ተከተለ። (ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሁለቱንም የላቀ ደረጃ ለአራተኛው ትውልድ ብቁ ነው ብሎ ያጸደቀው በዚያው በ2012፣ ገበያው ከፈረደ በኋላ መሆኑ ፈገግ ያሰኛል።)

ጉዳቱ በተጠቃሚው ላይ ወደቀ። ስፕሪንት በ2015 የዋይማክስን መረብ ሊዘጋ ሲነሣ፣ በዚያው መረብ ለትምህርት ቤቶችና ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች ኢንተርኔት ያቀርቡ የነበሩ በጎ አድራጊ ድርጅቶች በማሳቹሴትስ ፍርድ ቤት ከሰሱት፤ ፍርድ ቤቱም በአንዳንድ ከተሞች አገልግሎቱ ለ90 ቀን እንዲቆይ አዘዘ። በ2016 የመጨረሻዎቹ ጣቢያዎች ተዘጉ። ለዋይማክስ ብቻ የተሠራው መቀበያ ከኤል ቲ ኢ ጣቢያ ጋር ሊነጋገር አይችልምና፣ በየቤቱ ሥራ ፈትቶ ቀረ።