የመፀው ማርና የበዓል ጠጅ

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ የደጋውና የወይናደጋው የኢትዮጵያ ምድር በአደይ አበባ ቢጫ ይለብሳል። በአበው አቆጣጠር ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ይህ ወራት መፀው ይባላል። ለገበሬው የእሸት፣ ለንብ ደግሞ የአበባ ጊዜ ነው። ንቧ በእነዚህ ሳምንታት ቀስማ ያከማቸችው ማር በጥቅምትና በኅዳር ይቆረጣል። ማር ቆራጩ ጨለማን ተገን አድርጎ፣ የሚጨስ ችቦ ይዞ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ቀፎውን በገመድ ያወርዳል፤ ንቡን በጢስ ገለል እያደረገ የማሩን እንጀራ ያወጣል። በኅዳር የተቆረጠ ማር ታኅሣሥ 29 ቀን ለሚውለው የገና በዓል ጠጅ ሆኖ ለመድረስ በቂ ጊዜ አለው።

ዛሬ አቅሙ የፈቀደለት ቤተሰብ ሁሉ ለበዓል ጠጅ ይጥላል፤ የሚከለክለው የለም። ሁኔታው ግን ዘወትር እንዲህ አልነበረም። ማሩን ያመረተው አንድ ሰው፣ የጣለው ሌላ ሰው፣ የጠጣው ደግሞ ሦስተኛ ሰው የነበረበት ዘመን ረጅም ነው። ስለዚህም የጠጅን ታሪክ መመርመር ማለት የመጠጡን አሠራር ብቻ መመርመር ማለት አይደለም፤ ማሩ ከማን እጅ ወጥቶ ወደ ማን እጅ እንደገባ መመርመርም ጭምር ነው።

ከወይን በፊት ማር

በክርስቶስ ልደት ዘመን አካባቢ የኖረው የግሪክ የመልክዐ ምድር ጸሐፊ ስትራቦን፣ በቀይ ባሕር አፍሪካዊ ዳርቻ ስለሚኖሩ ሕዝቦች ሲጽፍ አንድ ትኩረት የሚስብ ነገር አስፍሯል። እንደ እርሱ አባባል፣ ተራው ሰው ከእሾሃማ ቁጥቋጦ የሚዘጋጅ መጠጥ ሲጠጣ፣ አለቆቹ ግን ማር በውኃ የተበጠበጠበትን ይጠጡ ነበር። ስትራቦን የጠቀሰው ቁጥቋጦ የዕፅዋት ሊቃውንት ጌሾን ከሚመድቡበት ቤተሰብ የሚቆጠር ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስገርመው ግን በዚያ ሩቅ ዘመን እንኳ ማር የአለቃ፣ ቁጥቋጦ የተራ ሰው ድርሻ ሆኖ መመዝገቡ ነው።

ከወይን ዘለላ የሚጠመቅ መጠጥም በአካባቢው ያልታወቀ አልነበረም። በ1ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የቀይ ባሕር የንግድ መሪ መጽሐፍ፣ ከሶርያ ከተማ ከሎዶቅያና ከኢጣልያ ጥቂት ወይን ወደ አዱሊስ ወደብ ይገባ እንደነበር ይገልጻል። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና ባስቀረጸው የግሪክኛ ጽሑፍ ውስጥም፣ ድል የተደረጉት የቤጃ አለቆችና ተከታዮቻቸው ከአገራቸው ተነሥተው ሲጓዙ የስንዴ ዳቦ፣ ጠላና ወይን ይሰጣቸው እንደነበር ተወስቷል። ይሁን እንጂ ከባሕር ማዶ በመርከብ የሚመጣ ወይን ለሕዝብ ድግስ የሚበቃ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ለቁርባን ዘቢብ ዘፍዝፋና ጨምቃ መጠቀምን አዘወተረች። የደጋው ሰው የደስታ መጠጥ፣ በግዕዝና በትግርኛ ሜስ፣ በአማርኛ ጠጅ የተባለው የማር መጠጥ ሆኖ ኖረ።

እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ለእንግዶች ማድጋ ማድጋ ሙሉ ጠጅ ይላክ እንደነበር ጽፏል። ለዚህ መጠጥ በቋንቋው ሌላ ስም አላገኘለትምና «የማር ወይን» ሲል ጠራው። አጠራሩ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ወይን በሚበቅልበት አገር ወይን የያዘውን የክብር ቦታ በኢትዮጵያ የያዘው ጠጅ ነበርና።

አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም

የአማርኛ ቋንቋ ይህን ታሪክ በአንድ ቃል ውስጥ አስቀምጦታል። «ግብር» ማለት ገበሬው ለገዢው የሚከፍለው ቀረጥ ነው፤ «ግብር» ማለት ደግሞ ገዢው ለሹማምንቱና ለሠራዊቱ የሚያበላው ድግስ ነው። ገበሬው ግብር ይገብራል፤ ወታደሩ ግብር ይበላል። ሁለቱ ትርጉሞች የአንድ መንገድ ሁለት ጫፎች ናቸው። በአንዱ ጫፍ ቀፎና ማር ቆራጭ አለ፤ በሌላው ጫፍ ዋንጫና ጠጪ አለ።

ማር በሚበዛባቸው አውራጃዎች ገባሩ ከሚከፍላቸው ግብሮች አንዱ ማር ነበር። ማሩ በጉንዶ እየተለካ፣ በአጋሰስና በሰው ጀርባ እየተጫነ ወደ ባላባቱ፣ ወደ ገዢውና ወደ ቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት ይገባል። መንገደኛ ባለሥልጣን በሚያልፍበት አገርም ድርጎ ሲሰፈርለት፣ ከእንጀራውና ከፍሪዳው ጋር ማር ይቀርብለት ነበር። ከመካከለኛው ዘመን የተላለፈው «ሥርዓተ ግብር» የተባለው ጽሑፍ፣ በንጉሡ ግብር ላይ የሚበላውና የሚጠጣው በማን እንደሚቀርብና ለማን እንደሚታደል በዝርዝር መደንገጉ፣ ድግሱ የመንግሥት ሥራ እንጂ የደስታ ጊዜ ብቻ እንዳልነበረ ያመለክታል።

ከዚህም የተነሣ ጠጅ የማዕረግ ምልክት ሆነ። በብዙ ስፍራ ጠጅ መጣል የነገሥታቱ፣ የመኳንንቱና እነርሱ የፈቀዱለት ሰው መብት ነበር። ገበሬው ጠላውን ጠምቆ ይጠጣል፤ ያቆረጠው ማር ግን ደጃፉን አልፎ ይሄዳል። ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት፣ እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን አወቁ ብላ ስም አወጣችለት የሚለው ትውፊት፣ ንብና ንግሥና በሕዝቡ ኅሊና ምን ያህል ተቆራኝተው እንደኖሩ የሚያሳይ ነው።

የድግሱ ሥርዓት ከፍተኛውን ደረጃ ከያዘባቸው ጊዜያት አንዱ የዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትመረቅ፣ በኋላ እቴጌ የሆኑት ወይዘሮ ጣይቱ ያሰናዱትን ታላቅ ድግስ የንጉሡ ታሪክ ጸሐፊ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ለትውልድ አቆይተውታል። በ1890 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የተሠራው የግብር አዳራሽ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ሰው በተራ በተራ የሚያስተናግድ ነበር። ንጉሡ ሲመገቡ መጋረጃ ይጋረዳል፤ ከዚያም ሹማምንቱ እንደየማዕረጋቸው፣ በመጨረሻም ተራው ወታደር ይገባል። አሳላፊው ከሚቀዳው ጠጅ ጥቂት በመዳፉ አድርጎ ይቀምሳል፤ መጠጡ መርዝ የሌለበት መሆኑን በራሱ ሕይወት ይመሰክራል። የጠጁ ዓይነትም እንደ ጠጪው ይለያያል፤ ለከፍተኛው ሹም የቆየና የጠራ፣ ለበታቹ ለጋና የቀጠነ ይቀዳለት ነበር።

የጠጅ ጣይዋ ጥበብ

ስለ ግብር አዳራሹ የጻፉ ብዙ ናቸው። ስለ ጓዳው የጻፉ ግን ጥቂት ናቸው። የድግሱ ባለቤት ስሙ በታሪክ ሲጠራ፣ ጠጁን የጣለችው ሴት ስሟ አልተጻፈም። ጋን ያጠበችው፣ ውኃ የቀዳችው፣ እንጨት የለቀመችው ገረድ ወይም ባሪያ ከቶውንም አልተወሳችም። ሥራው ግን እጅግ የረቀቀ ጥበብ የሚጠይቅ ነው።

ጠጅ ጣይዋ በመጀመሪያ ጋኗን በግራዋ ቅጠል አሽታ ታጥባለች፤ ከዚያም በወይራ ወይም በጥንጁት ታጥናለች። ጢሱ ለጠጁ መዓዛ ከመስጠቱም በላይ ዕቃውን ከሚያበላሹ ነገሮች ይጠብቃል። ማሩን እስከ ሰፈፉ በውኃ ትበጠብጣለች። ልኩ እንደ አገሩና እንደ ማሩ ይለያያል፤ በአብዛኛው ለአንድ እጅ ማር ከሦስት እስከ አምስት እጅ ውኃ ይሆናል። ጋኑ አፉ በጨርቅ ተሸፍኖ ሙቀት ባለው ስፍራ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። በላዩ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ ተገፍፎ ይወጣል፤ ሰሙም ተለይቶ ለጧፍ ይውላል። በዚህ ደረጃ ላይ ጌሾ ሳይገባበት የሚጠጣው ለስላሳ መጠጥ ብርዝ ይባላል፤ ልጆችና የሚያሰክር መጠጥ በሃይማኖታቸው የተከለከሉ ሙስሊሞች የበዓሉ ተካፋዮች የሚሆኑት በእርሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ተከትክቶ የደረቀው የጌሾ እንጨት ይገባል። ለጠላ በአብዛኛው ቅጠሉ ሲመረጥ ለጠጅ የሚመረጠው እንጨቱ ነው፤ በአንዳንድ አገር የጌሾ ዘመድ የሆነው ጸዶም ይገባል። ጌሾ የማሩን ጣፋጭነት በምሬቱ ይገራል፤ መጠጡም ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል። እርሾ ከሌላ ስፍራ አይጨመርም። በማሩ፣ በጌሾውና በጋኑ ላይ የሚገኙ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን የማሩን ስኳር ወደ አልኮል ይለውጡታል። ጠጅ ጣይዋ ይህን በሳይንስ ስም አትጠራው ይሆናል፤ ነገር ግን ጆሮዋን ወደ ጋኑ አስጠግታ የፍላቱን ድምፅ ስትሰማ የሥራውን ደረጃ ታውቃለች። ከቀናት በኋላ ጌሾው ይወጣል፤ ጠጁ ይጣራል፤ እንደገና ይከደናል። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲሞላው ለጋው ይደርሳል፤ ሲቆይ ደግሞ ጣፋጭነቱ እየቀነሰ ኃይሉ እየበረታ ይሄዳል። ብርድ ቢበዛ ፍላቱ ይዘገያል፤ ሙቀት ቢበዛ ይኮመጥጣል። ይህን ሁሉ ልክ በመጽሐፍ ሳይሆን በእጅ፣ በአፍንጫና በምላስ እየለካች ለልጇ ያስተላለፈችው ሴት የታሪኩ ባለቤት መባል ይገባታል።

ጠጅ ቤት ከቤተ መንግሥት ወደ መንደር

«ጠጅ ቤት» የሚለው ስም ራሱ ረጅም መንገድ ተጉዟል። በቀድሞው ሥርዓት ጠጅ ቤት ማለት እንደ እንጀራ ቤትና እንደ ግምጃ ቤት ሁሉ ከቤተ መንግሥቱ የሥራ ክፍሎች አንዱ ነበር። አዲስ አበባ ተቆርቁራ ገንዘብ መዘዋወር ሲጀምር፣ ማር በገበያ የሚገዛ ዕቃ ሆነ። ከጓዳ ሥራ በስተቀር ሌላ ሀብት ያልነበራቸው ብዙ ሴቶችም ሙያቸውን ይዘው ወጡ፤ በየሰፈሩ በራቸውን ከፍተው ጠጅ መሸጥ ጀመሩ። ለባላባት ሲሠራ ስም ያላስገኘው ሙያ አሁን የዕለት እንጀራ አስገኘ። ስሙም ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ መንደር ገባ።

በአዲሱ ጠጅ ቤት የመቀመጫ ማዕረግ አልነበረም። ነጋዴው፣ ጫኚው፣ ጸሐፊውና ወታደሩ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ገባ። ከቀንድ የተሠራው ዋንጫም ቀስ በቀስ አንገቱ ለቀጠነው፣ ሆዱ ለሰፋው ብርሌ ቦታውን ለቀቀ። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው አነጋገር በሕዝብ አፍ መግባቱ፣ ቀድሞ የታላላቆች ብቻ የነበረው የብርጭቆ ዕቃ የሁሉ ሰው ዕቃ ለመሆኑ ምስክር ነው።

የገጠሩ ገበሬ ግን ማሩ የራሱ እስኪሆን ገና ብዙ መጠበቅ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ በዓይነት ይከፈል የነበረው ግብር በገንዘብ እንዲተካ ቢያዝም፣ ጭሰኛው ለባለ መሬቱ ያለበት ግዴታ አልተቋረጠም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የወጣው ዐዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት ሲያስቀር፣ ለባለ መሬት የሚገበረው ጉንዶ ማርም አብሮ ቀረ። ቀፎ ሰቃዩ ያቆረጠውን ማር ለመሸጥም፣ ለልጁ ሠርግና ለገና ጠጅ ለማስጣልም ቻለ።

ማሩ ሲጠፋ

ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ የበለጠ ማር የምታመርት አገር ናት። ከማሩም አብዛኛው የሚውለው ለጠጅ ነው። ነገር ግን ማር እየተወደደ በሄደ መጠን፣ በብዙ የከተማ ጠጅ ቤቶች ጋን ውስጥ ስኳር የማሩን ቦታ እየወሰደ ነው፤ የማሩን ወርቃማ መልክ ለማስመሰልም ቀለም የሚጨመርበት ጊዜ አለ። ከሩቅ ሲታይ ብርሌው ያው ብርሌ፣ ቢጫውም ያው ቢጫ ነው። የአደይ አበባው ጣዕም፣ የወይራው ጢስና ጠጅ ጣይዋ ጠብቃ ያቆየችው ልክ ግን በውስጡ የሉም።

ይህ የጠጪውን ምላስ ብቻ የሚመለከት ጉዳይ አይደለም። ጠጅ በስኳር በተተካ ቁጥር ገበሬው ገበያውን ያጣል፤ ገበያው ሲጠፋ ቀፎ መስቀል ይቀራል፤ ንቧ የምትቀስመውን አበባና ዛፍ የሚጠብቅላትም አይኖርም። በአንጻሩ በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጌሾ ከአገር ቤት እያስመጡ፣ በዚያው አገር ማር ለገናና ለፋሲካ ጠጅ ይጥላሉ። ከአገር የራቀ ሰው ልኩን ለመጠበቅ ይህን ያህል ሲደክም፣ ማሩ የሚቆረጥበት አገር ልኩን ቢረሳ የሚያሳዝን ይሆናል።

በቀድሞው ዘመን ማሩ ከገበሬው ቤት የሚወጣው በግዴታ ነበር። ዛሬ ተመልሶ የመግባቱ ነገር በሁለት ሰዎች እጅ ነው፦ ኅዳር ላይ ችቦ ይዞ ዛፍ ላይ በሚወጣው ማር ቆራጭ፣ ታኅሣሥ ላይ ጋኗን በወይራ በምታጥነው ጠጅ ጣይ። የበዓሉ ገበታ ላይ ብርሌ ሲነሣ፣ ታሪክ ስማቸውን ሳይጽፍ ያለፋቸው እነዚህ ሁለቱ ሊመሰገኑ ይገባል።