የጦር መሣሪያ እገዳ በተግባር፦ የአውስትራሊያ ልምድ

የጦር መሣሪያን የሚያግድ ሕግ ማውጣት የጥቂት ቀናት ሥራ ሊሆን ይችላል፤ በየቤቱ የተቀመጠውን ጠመንጃ መሰብሰብ ግን የመዝገብ፣ የገንዘብና የመጋዘን ጉዳይ ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ1997 ያከናወነችው ሥራ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል።

ኤፕሪል 28 ቀን 1996 በታዝማኒያ ደሴት፣ ፖርት አርተር በተባለው ሥፍራ አንድ ሰው 35 ሰዎችን በጠመንጃ ገደለ። ከ12 ቀናት በኋላ የማዕከላዊው መንግሥትና የየግዛቱ የፖሊስ ሚኒስትሮች ተሰብስበው፣ ራሳቸው የሚጎርሱ ጠመንጃዎች ከጥቂት ልዩ ፈቃዶች በስተቀር እንዲታገዱ፣ የቀሩትም ሁሉ እንዲመዘገቡ ተስማሙ።

ይሁን እንጂ ስምምነቱን በሥራ ላይ ማዋል ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያ፣ ጠመንጃን ስለ መያዝ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የግዛቶቹ በመሆኑ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ሕግ ማውጣት ነበረበት። ሁለተኛም፣ ሕገ መንግሥቱ ማዕከላዊው መንግሥት የሰውን ንብረት ሲወስድ ተገቢውን ካሣ እንዲከፍል ያዛል። ለዚህም ሲባል ከገቢ ላይ የሚከፈለው የጤና መዋጮ ለአንድ ዓመት ከ1.5 ወደ 1.7 በመቶ ከፍ ተደረገ። ተቃውሞውም ብርቱ ስለ ነበር፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ በዚያው ዓመት በጁን ወር ሴል በተባለችው ከተማ ለጠመንጃ ባለቤቶች የተናገሩት ከኮታቸው ሥር ጥይት የማይበሳው ሰደርያ ለብሰው ነበር።

አሠራሩ ግልጽ ነበር። ለየመሣሪያው ዓይነት ዋጋ ተተመነ፤ ባለቤቱ ጠመንጃውን ወደ መሰብሰቢያው ጣቢያ አምጥቶ ያስረክባል፣ ካሣውንም ይቀበላል፤ ጠመንጃው ደግሞ ዳግመኛ ወደ ገበያ እንዳይመለስ እንዲወድም ይደረጋል። በዚህ ዓይነት 650 ሺህ ያህል መሣሪያ ተሰበሰበ።

ነገር ግን በአንዳንድ ግዛቶች ረጃጅም ጠመንጃዎች አስቀድሞ ስላልተመዘገቡ፣ የገባው ሲቆጠር የቀረውን በትክክል ማወቅ አልተቻለም። ኒው ዚላንድም በ2019 በክራይስትቸርች 51 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ተመሳሳይ እገዳ ስታውጅ ይኸው ችግር ገጠማት። የ1983 ሕጓ ፈቃድ የሚሰጠው ለሰውየው እንጂ እያንዳንዱን ተራ ጠመንጃ የሚመዘግብ አልነበረም። ከ50 ሺህ በላይ የታገዱ መሣሪያዎችን ብትሰበስብም፣ ይህ ከጠቅላላው ስንት እጅ እንደ ሆነ የሚያሳይ መዝገብ አልነበራትም። አዲሱ መዝገብ ሥራውን የጀመረው በ2023 ነው።

እኛ መሐንዲሶች ንብረት ሳይቆጠር ርክክብ እንደማይፈረም እናውቃለን። የጦር መሣሪያ እገዳም ከዚህ ደንብ ውጭ አይደለም፤ ስለዚህ መዝገቡ ከአዋጁ ሊቀድም ይገባል።